ስምንቱ ሳጥኖች፦ ስለ ፓተንት ቁጥር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ፦ ለፈጠራ ሥራዎች የገንዘብ ድጋፍ ለሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለምዘና ኮሚቴውና ለኦንላይን ምዝገባ ክፍሉ

ጉዳዩ፦ የፓተንት ቁጥር መሙያው እንዲስተካከል፣ በእሱ ምክንያት የተመለሱ ማመልከቻዎችም እንደገና እንዲታዩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። የመሥሪያ ቤትዎን ስም በዚህ ደብዳቤ አልጠቀስኩም። የምንፈልገው ፎርሙ እንዲስተካከል እንጂ ማንም እንዲሸማቀቅ አይደለም። እርስዎ ግን ሲያነቡት ስለማን እንደሚያወራ አያጡትም።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ወጣት ጋር የምዝገባ መስኮታችሁ ላይ ቆመን ነበር። ልጁ የእህል ማበጠሪያ ማሽን አሻሽሎ የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት አግኝቷል። ወረቀቱ እንዳይጨማደድ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ፣ ካርቶኑን በፌስታል ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ሠራተኛዋ ትሁት ናት፤ እሷን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ቁጥሩን እያየች ጻፈች። ሳጥኑ ቀላ፤ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» አለ። ስላሹን አጠፋችው፤ ቀላ። ፊደሎቹን አጠፋች፤ አሁንም ቀላ። በመጨረሻ ከፊት ለፊቱ ዜሮ ስትደረድርበት አረንጓዴ ሆነ። ልጁ ፈገግ አለ። እኔ ደግሞ ይህ አረንጓዴ ቁጥር የማን ይሆን እያልኩ ነበር። የልጁ አለመሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

ለማያውቀው አንባቢ፦ ፓተንት ማለት መንግሥት ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጠው የጥበቃ መብት ነው። በዚህ ዓመት የወጣው የምዝገባ ፎርም «የፓተንት ቁጥር» የሚል አንድ ቦታ አለው። ቦታው ስምንት ሳጥን ነው። ከስምንት ያነሰም የበለጠም አይቀበልም። ፊደል፣ ስላሽ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ ክልክል ነው። ቁጥሩ የየት አገር እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ሳጥኑን ያልሞላ አመልካች «ፓተንት የሌለው» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ከእሱ ሥራ ጋር የሚቀራረቡ ቀደምት ፈጠራዎችን በዚያው በስምንት ሳጥን እንዲዘረዝር ይጠየቃል። እኛ አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ሥራችን ለፈጠራ ሰዎች የፓተንት ሰነድ መፈለግና ማመልከቻ ማዘጋጀት ነው። ፎርሙ ከወጣ ወዲህ ከእኛ ጋር ከሠሩት አመልካቾች ዘጠኙ በዚህ ሳጥን ምክንያት ወይ ተመልሰዋል ወይ የራሳቸው ባልሆነ ቁጥር አልፈዋል።

ፎርሙን ያዘጋጀው ባለሙያ ምን አይቶ እንዳዘጋጀው መገመት አያስቸግርም። አንድ አዲስ የአሜሪካ ፓተንት ከፊቱ አስቀምጦ አኃዙን ቆጥሯል። ስምንት ነው፣ እውነቱን ነው። ነገር ግን ስምንት የሆነው 10,000,000ኛው ፓተንት ከተሰጠበት ከጁን 19 ቀን 2018 ወዲህ ነው። (ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር ስናገር ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ። ይህን ማሳሰቢያ መጻፍ ማስፈለጉ ራሱ ከቅሬታችን አንዱ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።) ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሰባት አኃዝ ነበር። አንድ ሚሊዮንኛው ፓተንት የተሰጠው በኦገስት 8 ቀን 1911 ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ቢሄዱ ቁጥር የሚባል ነገር ጭራሹን ያልነበረበት ዘመን ያገኛሉ። በ1790 ሳሙኤል ሆፕኪንስ ፖታሽ ለመሥራት ያገኘው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር አልነበረውም። የሚታወቀው በባለቤቱ ስምና በተሰጠበት ቀን ነበር። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ፓተንቶች እንዲህ በስምና በቀን ብቻ ተሰጡ። በ1836 ሕጉ ተለወጠ፤ ቆጠራውም በጁላይ 13 ከአንድ ተጀመረ። ቁጥር 1 ለባቡር ጎማ ማሻሻያ የተሰጠ ሲሆን ባለቤቱ ጆን ራግልስ የሚባሉ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ሕጉን ራሳቸው ናቸው የገፉት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ቢሮው ተቃጠለና የቀደሙት መዛግብት አመድ ሆኑ። ከየባለቤቱ እጅ ቅጂ እየተለመነ የተመለሰው 2,800 ገደማ ነው። እነዚያ ጥንታዊዎቹ ከአዲሱ ቆጠራ ጋር እንዳይምታቱ ኋላ ላይ ኤክስ የሚል የላቲን ፊደል ተጨምሮላቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ስለዚህ ቁጥር 1 እና ኤክስ 1 በ46 ዓመት የሚራራቁ ሁለት የተለያዩ ፓተንቶች ናቸው። ፊደሏን አጥፉ ማለት አንዱን ማጥፋት ነው።

ፊደሏ የምታስፈልገው ለጥንቱ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ከዋናው ቆጠራ ጎን ለጎን ሌሎች መስመሮች ትቆጥራለች፦ ለዲዛይን ከ1842 ጀምሮ በዲ ፊደል፣ ለተክል ዝርያ ከ1931 ጀምሮ በሁለት ፒ፣ ስህተቱ ታርሞ እንደገና ለተሰጠ ፓተንት በአር እና ኢ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቁጥር 1 አለው። የመጀመሪያው የተክል ፓተንት የጽጌረዳ ዝርያ ነው፤ የእናንተ ሳጥን ፊደሎቹን ሲያጠፋ ጽጌረዳዋ የባቡር ጎማ ትሆናለች።

አሁን ወደ እኛ ቤት ላምጣው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዝያን ነገር በእንዶድ መመርመር የጀመሩት። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአሜሪካ የሐይቅ ውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ ሙስል የተባለ ዛጎላም ፍጥረት በእንዶድ ስለመቆጣጠር በ1993 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ቁጥሩ 5,252,330 ነው፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ አክሊሉ ናቸው። ይህ ቁጥር ሰባት አኃዝ ነው። ዛሬ አክሊሉ በሕይወት ኖረው መስኮታችሁ ላይ ቢቆሙ ሳጥኑ ይቀላባቸው ነበር።

የሚገባው ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። በአሜሪካ ጊዜያዊ ማመልከቻ የሚባል ነገር ከ1995 ጀምሮ አለ። ክፍያ ከፍሎ ሰነድ የሚያስገባ ሁሉ የማመልከቻ ቁጥር ይሰጠዋል። ማንም አይመረምረውም። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ መደበኛው ማመልከቻ ካልተከተለው ይሞታል። ቁጥሩ መጀመሪያ 60 ከዚያ ስላሽ ከዚያ ስድስት አኃዝ ነበር፤ ስድስቱ አኃዝ ሲሞላ 61፣ ቀጥሎ 62፣ ቀጥሎ 63 እየተባለ መጣ። ከስላሹ በፊት ያለው አኃዝ የመዝገብ መደርደሪያው ስም ነው፤ ዲዛይን 29 ሲባል ቆይቷል፣ መደበኛው ማመልከቻ በሌሎች ቁጥሮች እየተፈራረቀ መጥቷል። አሁን 63 ላይ ስድስት አኃዝ ጨምሩና ስላሹን አጥፉት። ስምንት! ሳጥኑ በደስታ አረንጓዴ ይሆናል። ከአሜሪካ የመጣ አንድ የማውቀው አመልካች በዚህ መንገድ «ፓተንት ያለው» ተብሎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። እሱ አልዋሸም፤ ፎርሙ የጠየቀውን ሞላ። አሜሪካ ግን አሥራ ሁለት ሚሊዮንኛውን ፓተንት የሰጠችው በ2024 ነው። ቁጥሩ በ63 የሚጀምር ባለስምንት አኃዝ ፓተንት የለም፤ በቅርቡም አይኖርም። ይህን የሚያጣራ አንድ ሰው ከመስኮቱ በስተጀርባ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ገመና ልንገር። «የአሜሪካ ፓተንት ባለቤት» እየተባለ በየሚዲያው የሚቀርብ እንግዳ ሁሉ ፓተንት የለውም። ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ወረቀት የማመልከቻ መቀበያ ደረሰኝ ነው። ከእኛ መካከል ይህን እያወቀ ዝም የሚል አለ፤ እኔም ዝም ያልኩበት ጊዜ ነበር። ፎርማችሁ ግን ይህን ልማድ ሕጋዊ አደረገው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአገር ስም አለመጠየቁ ነው። ከጤፍ ዱቄት ብስኩት የምትሠራ አንዲት እናት ማመልከቻዋ በደብዳቤ ተመለሰላት። ምክንያቱ «ሥራው በፓተንት ቁጥር 1646287 የተያዘ በመሆኑ» ይላል። ልጇ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ በዚህ ቁጥር ያገኘው በ1927 የተሰጠ የአሜሪካ ፓተንት ነው። እናትየዋ እኔ ጋ መጥታ «በ1927 እኮ አያቴም ብስኩት አታውቅም» ብላ ሳቀች። የሳቀችው ከንዴት ነው።

ኮሚቴው ያሰበው የትኛውን እንደሆነ ገምቻለሁ። የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ በ2007 በተመሳሳይ ቁጥር ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ለኔዘርላንድሱ ኩባንያ የሰጠው ነው፤ ያ አገር ሁሉ የተንጫጫበት። የሰነዱ ሙሉ ስም ኢፒ 1646287 ቢ1 ነው። ኢፒ የአውሮፓ መሆኑን ይናገራል። ቢ1 ደግሞ የተሰጠ ፓተንት መሆኑን ይናገራል፤ ኤ1 ቢሆን ገና በምርመራ ላይ ያለ፣ ለሕዝብ የታተመ ማመልከቻ ነው። ሁለቱ ፊደሎች ከሌሉ ሰባቱ አኃዞች የማንም ናቸው።

በለመድነው የመኪና ሰሌዳ ልመስለው። አንድ ባለአምስት አኃዝ ቁጥር ብቻ ይዘው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ቢሄዱ «ኮዱስ? የየት ክልል ነው?» ይልዎታል። ኮድ 1 ታክሲ ነው፣ ኮድ 2 የቤት መኪና፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት። አአ እና ኦሮ ካልተለዩ ቅጣቱ ምንም ያላጠፋ ሰው ቤት ይሄዳል። በፓተንትም ኮዱ ያው ነው፤ ዩኤስ፣ ጄፒ፣ ሲኤን፣ ዲኢ ከፊት፣ ኤ ወይም ቢ ከኋላ። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ለየአገሩ ሁለት ሁለት ፊደል መድቧል፤ የእኛ ኢ እና ቲ ነው። አሜሪካ እንኳ ከኋላ የሚመጣውን ኮድ በዛሬ መልኩ መጻፍ የጀመረችው በጃንዋሪ 2001 ነው። ያኔ ማመልከቻዎች ከመሰጠታቸው በፊት መታተም ጀመሩና አንድ ፈጠራ ሁለት ቁጥር ይዞ ብቅ አለ፦ አንዱ በዓመት የሚጀምር የታተመ ማመልከቻ፣ አንዱ በዋናው ቆጠራ የተሰጠ ፓተንት። አስቀድሞ የታተመው ሲሰጥ ቢ2፣ ሳይታተም የተሰጠው ቢ1 ይባላል።

በብስኩቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ቢስተካከልም ደብዳቤው ስህተት ነው። የአውሮፓ ፓተንት ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ከተሰጠ በኋላ በየአገሩ ለየብቻ ነው የሚኖር። የኔዘርላንድሱን ሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ ሲያደርገው የሌሎቹ አገሮች አብሮ አልፈረሰም ነበር፤ እዚህ አገር ግን ብዙ ሰው «ፓተንቱ ተሰረዘ» ብሎ ዘጋው። ማመልከቻው የገባው በ2004 ስለሆነ ሃያ ዓመቱ በ2024 አልቋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ አንድም ቀን ጸንቶ አያውቅም። ኮሚቴው «ይህ ነገር አስቀድሞ ስለታተመ ሥራሽ አዲስ አይደለም» ቢላት የሚያከራክር ነገር ይሆን ነበር፤ ሰነዱን አንብበን እንመልስ ነበር። «ተይዟል» የሚለው ቃል ግን ውሸት ነው።

ሦስተኛው ቻይና ነው። ቻይና ተምሮ የተመለሰ አንድ ልጅ በአንድ አነስተኛ ፈጠራ ላይ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። የቻይና ቁጥር ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ አሥራ ሁለት አኃዝና ከነጥብ በኋላ አንድ መፈተሻ ነው። አራቱ ዓመቱ ነው፤ ቀጥሎ ያለው አንዱ ዓይነቱ ነው፣ 1 ፈጠራ፣ 2 አነስተኛ ፈጠራ፣ 3 ዲዛይን፤ የቀሩት ሰባቱ ተራ ቁጥር ናቸው። ከዚያ በፊት፣ ሕጉ ሥራ ከጀመረበት ከ1985 አንስቶ፣ ሁለት አኃዝ ለዓመት፣ አንድ ለዓይነት፣ አምስት ለተራ ቁጥር ነበር። አመልካቹ ሲበዛ አምስት አኃዝ ጠበበና አሰፉት። የእናንተ ሠራተኛ ልጁን «የመጀመሪያዎቹን ስምንት ብቻ አስገባ» አለችው። ዓመቱ፣ ዓይነቱ፣ ከተራ ቁጥሩም ሦስቱ ገቡ፤ አራቱ ቀሩ። እርስዎ ማስላት ይችላሉ፦ በዚያ ዓመት እስከ አሥር ሺህ የሚደርሱ ማመልከቻዎች ተመሳሳይ ስምንት አኃዝ ሊኖራቸው ይችላል። ልጁ ከእነሱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ መዝገባችሁ አያውቅም።

ስለ መፈተሻው አኃዝ ሳልናገር አላልፍም፤ ለምዝገባ ክፍላችሁ ትምህርት ነውና። አሥራ ሁለቱ አኃዞች እያንዳንዳቸው በተመደበላቸው ቁጥር ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ድምሩ ለ11 ይካፈላል። የሚተርፈው ከነጥቡ በኋላ ይጻፋል፤ 10 ከተረፈ በላቲን ኤክስ ይጻፋል። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ቢተየብ ስሌቱ አይገጥምም፤ ኮምፒዩተሩ ወዲያው ያውቃል። ቻይናዎቹ ስህተት የሚይዝ ቁጥር ሠሩ። የእኛ ፎርም ኤክስን ሲያይ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» ይላል።

አራተኛው ዓመት ነው፤ ይህ ነው በጣም ያሳዘነን።

ያ የማበጠሪያ ማሽን ያመጣው ወጣት አረንጓዴውን አልፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣለት። «የጥበቃ ዘመኑ በ2020 ያበቃ በመሆኑ ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም።» ወረቀቱ በ2015 ዓ.ም. የተሰጠ፣ እስከ 2020 ዓ.ም. የሚቆይ ነው። ሲስተማችሁ በፈረንጅ ይቆጥራል፤ 2020ን አይቶ ድሮ አልፏል አለ። ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊ ቀኑን የጻፈው በዓ.ም. ነው፤ 2018 ዓ.ም. ብሎ። በአንድ ገጽ ላይ፣ በራሱ እጅ 2018 ብሎ ጽፎ፣ 2020 ያለፈ ዓመት ነው ብሎ ፈረመ። ማኅተምም ተመታበት።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ ሕጋችን ራሱ ይዞታል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ 123/1987 ነው፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ ያው አዋጅ 123/1995 ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመበት አዋጅ ደግሞ በአማርኛው 320/1995 ነው። «የ1995ቱ አዋጅ» ሲባል የትኛው ነው? አንዱ በሽግግሩ ዘመን የወጣ ነው፣ ሌላው ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣ። የሕግ ሰዎች ለምደውታል፤ ኮምፒዩተር ግን ካልነገሩት አይለምድም።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄደ አገር አለ። ጃፓኖች የማመልከቻ ቁጥራቸውን በንጉሥ ዘመን ነበር የሚቆጥሩት። ሾዋ 63 ማለት 1988 ነው። በ1989 ጃንዋሪ 7 ንጉሠ ነገሥቱ ሲያርፉ ሾዋ 64 በሰባት ቀኑ አለቀና ሄይሴይ 1 ተባለ። በአንድ የፈረንጅ ዓመት ውስጥ ሁለት የዓመት ምልክት መጣ ማለት ነው። በድሮ ሰነድ ላይ 11 የሚል ዓመት ቢያገኙ ታይሾ ከሆነ 1922 ነው፣ ሾዋ ከሆነ 1936፣ ሄይሴይ ከሆነ 1999። ከመካከላችን አንዱ የዘረዘረውን የሄይሴይ 11 ሰነድ ኮሚቴው 2011 ብሎ አንብቦታል። ጃፓኖች በ2000 የማመልከቻውን ዓመት ወደ ፈረንጅ አዞሩት። የድሮዎቹን ቁጥሮች ግን አልነኩም፤ እንደነበሩ ከነዘመናቸው ስም ነው የሚጠቀሱት። እኔ ፓተንታችንን በፈረንጅ እንቁጠር እያልኩ አይደለም፤ ዓ.ም. የራሳችን ነው፣ ይኑር። የምለው የትኛው ቆጠራ እንደሆነ የሚጠየቅበት አንድ ሳጥን ይኑር ነው። ሄይሴይ ወይስ ሾዋ ብሎ መጠየቅ ያላሳፈራቸው ሰዎች አሉ።

ዓመት የሌለው ቁጥር ምን እንደሚያደርግ እኔም በራሴ ደርሶብኛል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የድሮ የእንግሊዝ ፓተንት ቁጥሩን ብቻ ጽፌ ለደንበኛ ሰጠሁ። እንግሊዞች ከ1852 እስከ 1915 በየዓመቱ ከአንድ እየጀመሩ እንደሚቆጥሩ አላወቅሁም ነበር። ቀጣይ ቆጠራ የጀመሩት በ1916 ከ100,001 ነው። ደንበኛዬ ሦስት ቀን የማይመለከተውን ሰነድ ሲያገላብጥ ከረመ። ከ1852 በፊት ለተሰጡት ደግሞ ቁጥር የተሰጣቸው ኋላ ላይ ነው፤ ጀምስ ዋት በ1769 ላገኘው ፓተንት ቁጥሩ 913 ነው እንላለን፣ እሱ ግን ይህን ቁጥር ሳያውቀው ነው የሞተው።

አምስተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ ቶሎ ልለፈው። በማንኛውም የፓተንት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከየመረጃው ጎን በቅንፍ ሁለት አኃዝ ይታያል። 11 የሰነዱ ቁጥር ነው፣ 21 የማመልከቻው ቁጥር፣ 22 የገባበት ቀን፣ 54 ርእሱ፣ 72 ፈጣሪው። ቋንቋውን የማያነብ ሰው ጃፓንኛም ይሁን ጀርመንኛ የቱ የቱ እንደሆነ እንዲለይ የተቀመጡ ናቸው። ከተመለሱት ደብዳቤዎች በአንዱ ላይ የአመልካቹ ቁጥር በ21 ይጀምራል። ገጹን አውጥተን አስተያየነው። መዝጋቢው ቅንፉን ከቁጥሩ ጋር አብሮ ገልብጦታል፤ ቅንፉን ሳጥኑ ስላልተቀበለው ጥሎ፣ 21ዱን አስቀርቶ፣ ከኋላ ሁለት አኃዝ ቆርጦ። ስምንት ሞላ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሁለት ጊዜ በአካል፣ አንድ ጊዜ በደብዳቤ ጠይቀን «ሲስተሙ ነው» የሚል መልስ ስላገኘን ነው። ሲስተሙን የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የፓተንት ቁጥር መሙያው በአምስት ይከፈል፦ አገር፣ የሰነድ ዓይነት፣ ቁጥሩ ሰነዱ ላይ እንደታተመ ከነፊደሉ፣ ከነስላሹና ከነነጥቡ፣ ቀን፣ የቀኑም አቆጣጠር ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. የሚል ምርጫ። ይህ ለአንድ ባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከፈለጋችሁ ከእኛ መካከል ሁለት ሰዎች በነጻ ይቀመጣሉ።

የማመልከቻ ቁጥር ያለውና የተሰጠ ፓተንት ያለው በአንድ ሳጥን አይቆጠሩ። ለማመልከቻም ነጥብ መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ፣ መብታችሁ ነው፤ ግን ስሙ ማመልከቻ ይሁን። የአነስተኛ ፈጠራና የዲዛይን ምስክር ወረቀት የያዙትም በአዋጁ እንደተለዩት ይለዩ፤ «ፓተንት የሌለው» መባላቸው ይቅር።

ማመልከቻ ውድቅ የሚያደርግ ደብዳቤ ቀደምት ሰነድ ሲጠቅስ ሙሉ ስሙን ከነአገሩ ይጥቀስ፣ የሰነዱም የመጀመሪያ ገጽ ይያያዝበት። አመልካቹ መልስ የሚሰጥበት ቢያንስ አሥራ አምስት የሥራ ቀን ይኑረው።

ዘጠኙ መዝገቦች እንደገና ይታዩ። ዝርዝራቸውን ከነማስረጃው በተዘጋ ፖስታ ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብተናል፤ የገቢ ቁጥሩም እጃችን ላይ አለ። ከእነሱም የማበጠሪያ ማሽኑና የጤፍ ብስኩቱ ይቅደሙ። የሁለተኛው ዙር ምዝገባ የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ልጁ ካርቶኑን እንደጠቀለለ ነው፣ ሌላ ዓመት ይጠብቅ ማለት ለእሱ የበጋውን አውድማ ማለፍ ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የፓተንት ሰነድ ፍለጋና የማመልከቻ ዝግጅት ባለሙያዎች ስብስብ አስተባባሪ
አዲስ አበባ